በቀለበት መንገድ ስም የተጠሩት ወንድማማቾች

የፈተና ወረቀት አርሜ ጨርሻለሁ፣ ነገም ትምህርት የለም፣ ስለዚህ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ሻያችሁን ያዙ።

ብዙ ጊዜ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ነው። ዛሬ ግን ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ሙዚቃ ልውሰዳችሁ። ያውም ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ። "ቲቸር፣ ዱም ዱም የሚለው ደግሞ ታሪክ አለው እንዴ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አለው እንጂ! የአንድ ትልቅ አገር ፓርላማ "ሙዚቃ" የሚለውን ቃል በሕግ አንቀጽ ውስጥ ለመተርጎም የተቀመጠው በዚሁ ዱም ዱም ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። ታላቅየው ፊል ሃርትኖል በ1964፣ ታናሽየው ፖል ሃርትኖል በ1968 ተወለዱ። ያደጉት ከለንደን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጣ ብሎ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ፣ ሰቨንኦክስ ከተማ አጠገብ ነው። ወላጆቻቸው ቤት ከደረጃው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ሌላው ሰው መጥረጊያና አሮጌ ዕቃ የሚያስቀምጥባት ዓይነት። ወንድማማቾቹ እዚያች ውስጥ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽንና ሳምፕለር ደረደሩ። ስቱዲዮ የለም፣ መሐንዲስ የለም፣ ዘፋኝም የለም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር መነገር አለበት። ይህን ሙዚቃ የፈጠሩት እንግሊዞች አይደሉም። "ሃውስ" የሚባለው የተወለደው በ1980ዎቹ አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ነው፤ ስሙም ዲጄ ፍራንኪ ነክልስ ያጫውትበት ከነበረው "ዌርሃውስ" ከተባለ ክለብ እንደመጣ ይነገራል። "ቴክኖ" ደግሞ የዲትሮይት ልጅ ነው፤ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳውንደርሰን ያሳደጉት። ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

መሣሪያቸው ምን መሰላችሁ? ሌላው ሰው የጣለው ነው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ "ቲቢ-303" የሚባል ትንሽ ማሽን ሠርቶ ነበር። ዓላማው ብቻውን የሚለማመድ ጊታር ተጫዋች ቤዝ የሚያጅበው እንዲያገኝ ነው። ድምፁ ግን የቤዝ ጊታር አልመስል አለ፤ ገበያ አጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማምረቱ ቆመ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ በርካሽ ወደቀ። ገንዘብ የሌላቸው የቺካጎ ልጆች ገዙትና ቁልፎቹን ማንም ባላሰበው መንገድ ማዞር ጀመሩ። የሚያላዝን፣ የሚጣመም፣ ማሽን ይሁን እንስሳ የማይለይ ድምፅ ወጣ። "አሲድ ሃውስ" የተባለው ይሄ ነው። ሸክላዎቹ አትላንቲክን ተሻግረው እንግሊዝ ሲደርሱ፣ በ1988 እና በ1989 ወጣቱ አበደ። ደረጃ ሥር የተቀመጡት ወንድማማቾችም ከዚሁ ወጣት መሀል ነበሩ።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ለንደንን የሚዞር "ኤም 25" የሚባል ቀለበት መንገድ አለ። ሙሉ ዙሩ ያለቀው በ1986 ነው፤ ርዝመቱ 188 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንግሥት የሠራው መኪናና ጭነት መሀል ከተማ ሳይገባ እንዲያልፍ ነበር። ወጣቶቹ ግን ሌላ ጥቅም አገኙለት። ክለቦች በጊዜ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ጭፈራው ወደ ባዶ መጋዘንና ወደ ገበሬ ማሳ ወጣ። ቦታው አስቀድሞ አይነገርም። ቅዳሜ ማታ መኪና ሞልታችሁ በቀለበት መንገዱ ትዞራላችሁ፣ ነዳጅ ማደያ ጋ ትቆማላችሁ፣ ከሕዝብ ስልክ የተሰጣችሁን ቁጥር ትደውላላችሁ፣ የተቀዳ ድምፅ አቅጣጫ ይነግራችኋል። ፖሊስ ሳይቀድም ከደረሳችሁ እስኪነጋ ነው። ሞባይል ባልተስፋፋበት ዘመን በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ሌሊት አንድ ማሳ ላይ መገናኘት ቻለ። "ሬቭ" የተባለው እንዲህ ያለው ስብስብ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ስማቸውን ከዚያ መንገድ ወሰዱ፦ ኦርቢታል። እኛ አገር ቢሆን "ቀለበት መንገድ" የሚባል ባንድ እንደማለት ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸው "ቻይም" ይባላል፤ የደወል ድምፅ ማለት ነው። በ1989 ደረጃ ሥር ባለችው ክፍል፣ በአባታቸው ቴፕ ላይ ቀዱት። ወጪው ከካሴቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ጃዚ ኤም የተባለ የለንደን ዲጄ ሰምቶ በራሱ ትንሽ ኩባንያ አወጣው፤ በ1990 መጀመሪያ ትልቅ ኩባንያ ተረከበውና በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 17ኛ ደረጃ ላይ ወጣ።

17ኛ መሆን "ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ" ወደሚባለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ያስጠራ ነበር። አገሩ በሙሉ የሚያየው ፕሮግራም ነበር። ወሩ ማርች 1990 ነበር። በዚያ ሰሞን የማርጋሬት ታቸር መንግሥት አዲስ የነፍስ ወከፍ ግብር ሊጀምር ነው። ሀብታሙም የጽዳት ሠራተኛውም ባሉበት አካባቢ እኩል ይክፈሉ የሚል፤ "ፖል ታክስ" ይሉታል። ሁለቱ ልጆች ማሽኖቻቸው ኋላ ሲቆሙ የለበሱት ካናቴራ ይህን ግብር የሚቃወም ነበር። ዜማው ቃል የለውም፤ ደረታቸው ላይ ግን ቃል ነበረ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ማርች 31፣ ለንደን መሀል በዚሁ ግብር ምክንያት ትልቅ ሰልፍና ረብሻ ተነሳ። ታቸር ኖቬምበር ላይ ከሥልጣን ለቀቁ፤ ግብሩም በ1993 በሌላ ተተካ። ሁለት ካናቴራ መንግሥት ጣለ እያልኩ አይደለም ደግሞ! ግን ታሪክ ስናነብ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮችን ማየት ጥሩ ነው። ያ ትውልድ ለጭፈራ ብቻ የሚኖር ተደርጎ ሲወራበት፣ አገሩ ውስጥ የሚሆነውን ያውቅ ነበር።

ቃል የሌለው ሙዚቃ እንዴት ይናገራል? እኔን ስለነዚህ ሰዎች እንድጽፍ ያደረገኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ሁለተኛውን ምሳሌ ስሙ።

በ1992 "ሃልሲዮን" የሚባል ሥራ አወጡ። በዚያ ዘመን በተመሳሳይ ስም የሚጠራ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። እናታቸው ለዓመታት የዚህ መድኃኒት ጥገኛ ሆነው ነበር፤ ልጆቹም ሥራውን ለእሳቸው መታሰቢያ አደረጉት። መድኃኒቱ በ1991 በእንግሊዝ ከገበያ ታግዷል። እንግዲህ አስቡት። ጋዜጣው ሁሉ የሬቭ ወጣት በአደንዛዥ ዕፅ ጠፋ ብሎ በሚጽፍበት ጊዜ (ዕፁም በእርግጥ ነበረ፣ ጉዳትም አድርሷል) እነዚህ ልጆች በሐኪም ወረቀት ታዝዞ ቤታቸው ስለገባው መድኃኒት ሠሩ። በቪዲዮው ላይ የምትታየው የቤት እመቤት ወጥ ቤቷ ውስጥ ከዕለት ወደ ዕለት ስትደነዝዝ ነው። የሚሰማው የሴት ድምፅ ከሌላ ዘፈን ተወስዶ ወደ ኋላ የተገለበጠ ነው፤ ቃሉ አይለይም። ግን ሲሰማ ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን ርኅራኄ ያህል ይለሰልሳል። እኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

አሁን ወደ ሕጉ።

በሜይ 1992 መጨረሻ፣ ካስልሞርተን በሚባል የገጠር ግጦሽ መሬት ላይ ከ20,000 በላይ ሰው ተሰብስቦ አንድ ሳምንት ያህል ሲጨፍር ሰነበተ። ፈቃድ የለም፣ መጸዳጃ የለም፣ ሌሊትና ቀን ድምፅ ብቻ። ሚዛናዊ እንሁን፤ የአካባቢው ነዋሪ መከራውን አይቷል። ለቀናት ያልተኛ ገበሬ "ጥበብ ነው" ቢሉት አይሰማም። ፖሊስ ስፓይራል ትራይብ ከሚባለው ቡድን 13 ሰዎችን ከሰሰ፤ ረጅም ችሎት ከተካሄደ በኋላ በ1994 ነፃ ወጡ። የነበረው ሕግ አልበቃም ማለት ነው። ቀደም ሲል በ1990 ያለ ፈቃድ ዝግጅት የሚያዘጋጅን እስከ 20,000 ፓውንድና እስከ ስድስት ወር እስራት የሚቀጣ ሕግ ወጥቶ ነበር። እሱም አላቆመውም።

በ1994 አዲስ የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ጸጥታ ሕግ ቀረበ። አንቀጽ 63 ስለ ሬቭ ነው። ክፍት ቦታ ላይ 100 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ተሰብስቦ፣ ሌሊት ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ሲሰማና ነዋሪውን ክፉኛ ሲረብሽ፣ ፖሊስ መበተን ይችላል። "ሙዚቃ" ሲባልም ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ተከታታይ የሆኑ ተደጋጋሚ ምቶችን የያዘ ድምፅን ይጨምራል አለ ሕጉ።

ተደጋጋሚ ምቶች! ሲቪክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሕግ ድርጊትን ይከለክላል፤ ረብሻን፣ ጉዳትን፣ የሰው መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መግባትን። ይህ ሕግ ግን የአንድን ትውልድ የሙዚቃ ስልት ለይቶ በአንቀጽ ጻፈው። ልብ በሉ፣ ቤትሆቨን ሌሊቱን ሙሉ ቢጮህ በዚህ ቃል ለመያዝ ጠበቃ ያከራክራል። የእኛ የሠርግ ከበሮ ግን ያለ ክርክር ይገባበታል።

ለንደን ውስጥ በዚያ ዓመት ሦስት ትልልቅ ሰልፎች ተደረጉ፤ የኦክቶበሩ ሃይድ ፓርክ አጠገብ ከፖሊስ ጋር ወደ ግጭት ተለወጠ። ኦርቢታሎች ምን አደረጉ? በዚያው ዓመት ባወጡት አንድ ሥራ ላይ ከተለያዩ ቅጂዎች ጋር በሕጉ ረቂቅ ስም የተሰየመ አንድ ቁራጭ አስገቡ። አራት ደቂቃ ገደማ ይረዝማል። ስታጫውቱት ምንም አይሰማም። ዝምታ ብቻ። ተደጋጋሚ ምት የለበትም፣ ስለዚህ ሕጋዊ ነው!

ሳቅኩ መጀመሪያ ሳውቅ። ቆይቶ ግን ሳስበው ቀልድ ብቻ አይደለም። ይህ ሕግ እስከ መጨረሻው ቢሄድ የሚቀረው ምንድን ነው ለሚለው መልስ ነው።

ሕጉ በኖቬምበር 1994 ጸደቀ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ግን፣ በጁን ወር፣ ሌላ ነገር ሆኗል። ግላስተንበሪ በሚባለው ትልቁ የእንግሊዝ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኦርቢታል መድረክ ወጣ። የጊታር ባንድ ቤት ነው ያ ፌስቲቫል። ሁለት ሰዎች፣ ክምር ማሽን፣ ጨለማ። ማሽኖቹን ለማየት ግራና ቀኙ ላይ ትንንሽ የባትሪ መብራት የተገጠመለት መነጽር አድርገዋል፤ ከሩቅ የሚታየው በጨለማ ውስጥ የሚነቀነቁ አራት መብራቶች ነው። "ካሴት ከፍተው ይቆማሉ" ለሚለው ሐሜትም መልስ ነበራቸው። የዜማውን ክፍሎች እዚያው እያስገቡ፣ እያወጡ፣ እያራዘሙ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ ምሽት ከሌላው አይገጥምም። ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1995፣ ግላስተንበሪ ለዳንስ ሙዚቃ ራሱን የቻለ ድንኳን ከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ፣ አልደብቀውም። ሕጉ ሙዚቃውን አልገደለውም፤ አጥር ውስጥ አስገባው። ነፃው ማሳ ተዘጋ፣ ፈቃድ ያለው ክለብና ትኬት ያለው ፌስቲቫል አደገ። ኦርቢታልን የመሰሉ ዕውቅ ስሞች ከዚህ ለውጥ ተጠቅመዋል። ድምፅ ማጉያቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው ይዞሩ የነበሩት ደግሞ ተሰደዱ ወይም ተበተኑ። በ2003 ሕጉ ጭራሽ ጠበቀ፤ 100 የነበረው የሰው ቁጥር ወደ 20 ወረደ።

ቀጣዮቹ ዓመታት የኦርቢታል ወርቃማ ዘመን ናቸው። "ስኒቪላይዜሽን" የተባለው የ1994 አልበም 4ኛ፣ "ኢን ሳይድስ" የተባለው የ1996ቱ ደግሞ 5ኛ ደረጃ ድረስ ወጡ። "ኢን ሳይድስ" የሚከፈትበት ሥራ የተቀዳው ግሪንፒስ በሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ተንቀሳቃሽ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነው፤ አሁንም ያለ ቃል መናገር። በ1997 ሁለት ነጠላ ሥራዎቻቸው እያንዳንዳቸው 3ኛ ደረጃ ያዙ፤ አንዱ "ዘ ሴንት" የተባለው ፊልም መለያ ዜማ ነው። ከካሴት ዋጋ ተነስቶ እዚህ ደረሰ።

ከዚያስ? ከዚያ በ2004 ተለያዩ።

ፖሊስ አይደለም የበተናቸው። አንቀጽ 63ም አይደለም። ከ15 ዓመት በላይ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ክፍል፣ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ መድረክ፤ በቃ ደከማቸው። ፊል ከሌላ ሰው ጋር አዲስ ቡድን አቋቋመ፣ ፖል ብቻውን አልበም አወጣ። በ2009 ታረቁና ተመለሱ። በ2012 አዲስ አልበም አወጡ።

እዚያው ዓመት፣ ኦገስት 29፣ የለንደን ፓራሊምፒክ መክፈቻ። ስታዲየሙ ሞልቷል፣ ዓለም በቴሌቪዥን ያያል። መድረኩ ላይ ኦርቢታል አለ፤ ከእነሱ ጋር ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆውኪንግ፤ ያንን የመብራት መነጽር አድርጎ! የሆውኪንግ የኮምፒዩተር ድምፅ በተደጋጋሚ ምቶች መሀል ይሰማል። ከ18 ዓመት በፊት ያ አገር በአንቀጽ ጽፎ የፈራውን ድምፅ፣ እንግዶቹን ሲቀበል "የእኔ ነው" ብሎ አቀረበው። አንቀጹ ግን ያን ዕለትም አልተሻረም። የአገሮች ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ልጆቹን የሚያባርረውና በልጆቹ የሚኮራው አንድ እጅ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ እንደገና ተለያዩ። ይህኛው የከፋ ነበር። ለዓመታት ሳይነጋገሩ እንደቆዩ ኋላ ራሳቸው በቃለ መጠይቅ ተናግረዋል። ኩርፊያ የምንለው ነው፤ እንግሊዝም አለ።

እኔን ከታሪኩ ሁሉ የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ያለ ቃል ስለ ግብር ተናገሩ፣ ያለ ቃል ስለ እናታቸው ተናገሩ፣ ዝምታን ራሱን የተቃውሞ መሣሪያ አደረጉ። ለሕዝብ ይሄ ሁሉ በቂ ነበር። ወንድም ለወንድሙ ግን አይበቃም። መድረክ ላይ አንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው ምን ሊመጣ እንደሆነ ያውቃል፤ ቤት ሲገባ ግን "ምን አስከፋህ?" ብሎ በአፍ መጠየቅን የሚተካ ማሽን የለም። ለመንግሥት የተመለሰው ዝምታ ብልኅ ነበር፤ ለወንድም የተመለሰው ዝምታ ዓመታት በላ።

ደግነቱ በ2017 ተመለሱ። በ2018 እና በ2023 አዳዲስ አልበሞች ወጡ። በ2024 ደግሞ፣ ከዚያ የ1994 ምሽት ልክ 30 ዓመት በኋላ፣ ግላስተንበሪ ላይ እንደገና ተጫወቱ፤ በ1996 አንድ ቪዲዮአቸው ላይ የተወነችው ዕውቋ ተዋናይት ቲልዳ ስዊንተንም አብራቸው መድረክ ወጣች። ፊል ስድሳ አልፏል። መብራቶቹ አሁንም አራት ናቸው።

ለመስማት የምትፈልጉ ከ"ሃልሲዮን" ጀምሩ፣ ቀጥሎ "ቻይም"። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል፤ ጎረቤት ማስቸገር አያስፈልግም፣ ያ ገበሬ ያሳዝነኛል። የታሪክ ተማሪዎቼ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለባችሁ፦ የሰዎችን ጥፋት ሳይሆን የሰዎችን ማንነት ወይም ልማድ የሚገልጽ ሕግ ከየትኛውም አገር ታሪክ አንድ ፈልጉና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ነጥብ የለውም፣ ግን አነባለሁ።

ወንድሙን ወይም እህቱን አኩርፎ የከረመ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ለእኔ ላይክ ከማድረጉ በፊት ይደውል።

መልካም እሑድ።